ከሳጥኑ ጋር ያልመጣው ናስ

በያጁ ከኦክስጅን ሲሊንደሩ በስተግራ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ከአንገቱ በላይ ያለውን ባናነሳው ይሻላል። ከደረቱ በታች ግን ምንም አልሆነም፤ ጫማው እንኳ ያን ጠዋት እንደተወለወለ ያብለጨልጫል።

ምርመራው የተሰጣት ሴት ቀጭንና አጭር ናት። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «መርፌ» ይሏታል። ማለታቸውን ታውቃለች፤ ስሙንም አልጠላችውም። በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ስታጠና ቆየችና ወደ ሬሳው ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ሄደች።

ውጭ የተሰበሰበው ሰው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል።

«የስልክ ዕቃ ነው የበላው!» ይላል አንዱ።

«ከወንድሙ ሱቅ ቢገዛ ኖሮ ይሄኔ ሻዩን እየጠጣ ነበር» ይላል ሌላው።

«ያዘዘችለት ሚስቱ ናት አሉ። በገዛ እጇ ገደለችው ማለት አይደል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ መንገድ የተደረደሩት የብየዳ ቤቶች ኤሌክትሮዱንም፣ ጎማውንም፣ መነጽሩንም የሚገዙት ከመንገዱ ጫፍ ካለው ሱቅ ነበር። ባለሱቁ የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው። ሟቹ ግን በስልክ ማዘዝ ጀመረ፤ ረከሰለት፤ ለጎረቤቶቹም አሳያቸው። ብዙም ሳይቆይ የመንገዱን ሰው ሁሉ ትእዛዝ እየሰበሰበ በአንድ ላይ ያስመጣ ጀመር፤ የታላቁ ሱቅም ዝንብ ብቻ የሚገባበት ሆነ። የመጨረሻው ትእዛዝ ሬጉሌተር ነበር፤ ሲሊንደሩ አንገት ላይ ተገጥሞ የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው፣ የግፊት መለኪያ ጌጅ ያለው ዕቃ። እሱን ያዘዘችው እውነትም ሚስቱ ናት፤ ስጦታ ይሁንህ ብላ።

አሁን ያ ስጦታ ሆዱ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። በእሱና በሲሊንደሩ አንገት መካከል ግን አንዲት የናስ ማገናኛ ነበረች፤ እንደ ክርን የታጠፈች፣ ጥቀርሻ ከመልበሷ በቀር ምንም ያልሆነች። መርፌ ማገናኛዋን ከነተቀደደው ዕቃ አስነቅላ በከረጢት ያዘቻት።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ግቢውን ከሟቹ ጋር የሚጋራውን መካኒክ ነው። እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው፤ በጨርቅ ይጠርገዋል፤ ጨርቁ ከእጁ ይብሳል።

«አብረኸው ነበርክ?»

«በር ላይ ነበርኩ። እኔ ኦክስጅኑ አጠገብ ደርሼ አላውቅም፤ እጄን እያዩት ነው።»

«ግራሶ ቢሆንስ?»

«ግራሶና ኦክስጅን ከተገናኙማ ክብሪትም አያስፈልግ፤ በራሱ ይፈነዳል! እሱ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ቫልቭ አይነካም። እኔንማ አንዴ በመዶሻ አባሮኛል።»

«ሳጥኑን ሲከፍት አየኸው?»

«አየሁት እንጂ! እንደ ሕፃን ነው የፈነደቀው። ‹ማገናኛውን ሳይቀር ገጥመው ልከውልኛል፤ የወንድሜን ደጅ ከመርገጥ ተገላገልኩ› አለኝ።»

«ቫልቩን ሲከፍት ጌጁ ፊት ለፊት ቆመ?»

«ኧረ በፍጹም! ሁልጊዜ በግራ በኩል፣ ጎኑ ላይ ነው የሚቆመው። ቢፈነዳ ፊት ለፊት ነው የሚፈነዳው ይላል። መንገዱ ሁሉ ያውቃል፤ እኛንም ያስተማረን እሱ ነው።»

«ጎኑ ላይ ቆሞ ታዲያ ፊቱን ምን መታው?»

መካኒኩ እጁን መጥረጉን ተወ።

ከዚያ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ቤቱ የእናቱ ነው። እናቲቱ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ምራታቸው እንደ ሠራተኛ በር ሥር ቆማለች። አንዲት ትንሽ ልጅ ቀሚሷን ይዛ ተሸሽጋለች። ከእናቲቱ እግር አጠገብ አንድ ሻንጣ ተቆልፎ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ምን ያደክምሻል?» አሉ እናት። «ገዳይዋ ያቻት። ሻንጣዋን አዘጋጅቼላታለሁ፤ ትሂድልኝ። የልጅ ልጄን ግን አትወስዳትም። የገደለች እጅ ልጅ አታሳድግም!»

ሚስት ቀና አላለችም። ልቅሶዋን የጨረሰች ሴት ናት፤ አሁን የቀራት ፍርሃት ብቻ ነው፤ ፍርሃቷም ሁሉ ቀሚሷን በያዘችው ልጅ ላይ ነው።

«ሳጥኑን ከፍተሽው ነበር?» አለቻት መርፌ።

«አልከፈትኩትም። ከሥራ ስገባ ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። ጠዋት እንደታሸገ ሰጠሁት።»

«ከሞተረኛው ማን ተቀበለው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እናት። «ምን ይሁን?»

«ምንም አይደል፣ እማማ። የዚያን ቀን እንግዳ ነበረዎት?»

«ማን ይመጣል? ታላቁ ልጄ ምሳውን ከኔ ጋር በልቶ ሄደ፤ እንደ ሁልጊዜው። እሱን እንኳ አይዞህ በይልኝ። ሐዘን ላይ ሆኖ ሱቁን አልዘጋም፤ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ብሎ ነው።»

ሱቁ እውነትም አልተዘጋም። ሰልፉ ከበሩ ተርፎ መንገድ ላይ ወጥቷል፤ ከትናንት በስቲያ በስልክ ሲያዝዝ የነበረው ሁሉ ሬጉሌተር፣ ጎማ፣ ቫልቭ በእጁ ሊነካ መጥቷል። ባለሱቁ ጥቁር ለብሶ ያስተናግዳል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ዕቃውን ሲጠቀልል «ያው ወንድሜን አያችሁት» ይላል፤ ድምፁ ይሰበራል፤ ቋጠሮው ግን አይላላም።

«ያንን ዕቃ አይተውት ነበር?» አለችው መርፌ ሰልፉን አልፋ።

«እኔ? ሳጥኑንም አላየሁ። ምን ልሁን ብዬ ነው የማየው?»

«ማገናኛስ አብሮ ይመጣል?»

ባለሱቁ ሳቀ። ባይስቅ ይሻለው ነበር።

«ከስልክ ሱቅ? እመቤቴ፣ የነሱ ሬጉሌተር እኮ የሚጠመዘዝበት ጥርሱ ሌላ ነው። የኛ ሲሊንደር አንገት ላይ አይገባም! ገዝተው ገዝተው መጨረሻ ላይ እየተቅለሰለሱ እኔ ጋ ይመጣሉ። እዚያ ማዶ ተቀምጦ በስልክ የሚሸጥ ሰው ደንበኛው ቤት ምን ዓይነት ሲሊንደር እንዳለ በምን ያውቃል? ይቺን ማገናኛ ከኔ በቀር በዚህ ከተማ የያዘ የለም።»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

ሁለት ናሶች ባንኮኒው ላይ አኖረ። አንዷ ቀጥ ያለች፣ ሌላዋ የታጠፈች።

«ብዙ ገዢ ያላት የቷ ናት?»

«ቀጥ ያለችዋ ነቻ። እጥፏን ማን ይፈልጋታል? ጌጁን ወደ ግራ ታዞረዋለች። አቧራ ጠጥታ ነው የተቀመጠችው።»

ስለ ዕቃው ሲጠይቁት ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነበር። ሃያ ሰው እየሰማው፣ በስልክ ነጋዴዎች ላይ እየተሳለቀ፣ የገዛ ገመዱን ገመደ።

«ወንድምዎ ከእርስዎ ማገናኛ ገዝቶ ያውቃል?»

«ከተጣላን ወዲህ ደጄን አልረገጠም።»

«ሁለቱንም ይጠቅልሉልኝ» አለችና ከፍላ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ በፖሊስ ጋራዥ ውስጥ የተቃጠለችውን ማገናኛ በሁለት መፍቻ ይዛ ከሬጉሌተሩ ነጠለቻት። ጥርሱን በነጭ ጨርቅ ጠረገችው፤ ጨርቁን በብርሃን አየችው። ከዚያ ለአራቱም ሰዎች ጥሪ ላከች።

በእናቲቱ ቤት ተሰበሰቡ። መካኒኩ እጁን ታጥቦ መጥቷል። ባለሱቁ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ትከሻቸውን ይደግፋል። ሚስት አሁንም በር ሥር ናት። አንድ ፖሊስ ደግሞ ደጁን ዘግቶ ቆሟል።

«ወደ ሞቱ ከመግባቴ በፊት» አለች መርፌ «አንድ ደግነት ልንገራችሁ። ሟቹ ሳጥኑን ሲከፍት ሬጉሌተሩ ላይ ማገናኛ ተገጥሞ አገኘ። ሻጮቹ የላኩት መስሎት ነው የተደሰተው። ሻጮቹ ግን አልላኩትም። ይህን የነገሩኝ ባለሱቁ ራሳቸው ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። አንድ የሚያስብለት ሰው ግን ሳይነግረው፣ ምስጋናም ሳይፈልግ ገጥሞለታል።» ወደ ሚስት ዞረች። «አንቺ ነሽ አይደል? ከሚስት በላይ የሚያስብለት ማን አለ?»

«እኔ አይደለሁም።»

«አትፈሪ። እንዲህ ዓይነት ልብ ያላት ሚስት ብትመሰገን እንጂ አትወቀስም።»

እናት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ምራታቸው ስትወቀስ መስማት ይወዳሉ፤ ስትመሰገን ግን አንጀታቸው አልቻለም።

«እሷ ትመስገን? እሷ! ያ ደግነት የልጄ ነው! የታላቁ! በምሳ ሰዓት ሳጥኑን አየና ‹እማዬ፣ ይሄ እኮ አይገጥምለትም፤ ወስጄ ላስተካክልለት› አለኝ። ተጣልተው ሳለ! ከዚያ መልሶ አመጣልኝና ‹ከኔ መሆኑን እንዳትነግሪው፤ ኩሩ ነው፣ አይጠቀምበትም› አለኝ። እኔው ነኝ በእጄ ሳጥኑ ውስጥ መልሼ ያሸግኩት! የወንድም አንጀት እንዲህ ነው!»

«እማዬ፣ ዝም በይ!» አለ ባለሱቁ።

«ለምን ዝም እላለሁ? ይወቁልህ እንጂ!»

መርፌ ቦርሳዋን ከፍታ ነጩን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። መሀሉ ላይ ጥቁር ቅባት ነበረበት።

«ይሄ ግራሶ ነው» አለች። «መካኒኩ ይንገረን፤ ኦክስጅን ሲያገኘው ምን ይሆናል?»

«ይፈነዳል» አለ መካኒኩ በቀጭን ድምፅ።

«ከሬጉሌተሩ ሆድ ውስጥ የነበረው ተቃጥሎ አልቋል። ማገናኛዋና ሬጉሌተሩ ተጠባብቀው በታሰሩበት ጥርስ መሀል ግን አየር አልገባም፤ አየር ያልገባበትን እሳት አይበላም፤ እዚያ ያለው ተረፈ። ስለዚህ ግራሶው የገባው ማገናኛዋ ከመጥበቋ በፊት ነው። የመካኒኩ እጅ ሊሆን አይችልም፤ ዕቃው ግቢው ሲደርስ ማገናኛዋ ጠብቃ ነበር። የሚስትም አይደለም፤ ማገናኛዋ ያለችው አንድ ሱቅ ብቻ ነው። ሳጥኑን አላየሁም ያለኝ ሰው ግን ሱቁ ድረስ ወስዶት፣ ገጥሞት፣ መልሶታል። የመለሰውም በእናቱ እጅ ነው።»

እናት ቀስ ብለው ተቀመጡ። ልጃቸውን ሳይሆን ጨርቁን ነበር የሚያዩት።

ባለሱቁ ፊቱ አመድ መሰለ። «እንዲሞት አላሰብኩም» አለ። «ዕቃው እንዲፈነዳ ብቻ ነው፤ ሰው አይቶ እንዲፈራ! ሱቄ ሊዘጋ ነበር! እሱ ጎን ላይ ነው የሚቆመው፤ ሁሉም ያውቃል! በባዶ አየር ላይ ይፈነዳል ብዬ ነው! በልጆቼ እምላለሁ!»

«ጠብቄህ ነበር፤ ይህን እንድትል» አለች መርፌ። እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ስትለው ነበር። ከቦርሳዋ ዛሬ የገዛቻቸውን ሁለቱን ናሶች አውጥታ ፊቱ አስቀመጠቻቸው። «ማስፈራራት ብቻ ቢሆን ይቺ ቀጥ ያለችዋ ትበቃህ ነበር። ጌጁ ወደ ፊት ያያል፣ ወንድምህ በግራ ይቆማል፣ ይፈነዳል፣ ይደነግጣል፣ አለቀ። አንተ ግን ማንም የማይገዛትን፣ አቧራ የጠጣችውን እጥፏን መረጥክ። ጌጁን ወደ ግራ የምታዞረውን። ወንድምህ ከሞት ለመዳን በየቀኑ ወደሚቆምባት ቦታ አነጣጥረህ ገጠምክለት። ፍንዳታው ማገናኛዋንም ያደቃታል ብለህ ነበር፤ ጥሩ ናስ ነው የምትሸጠው፣ አልደቀቀችም።»

ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው ባለሱቁ ወደ እናቱ ዞሮ አንድ ነገር ሊናገር ፈለገ፤ እሳቸው ግን ቀና አላሉም፤ ወሰዱት።

መካኒኩም ሹልክ ብሎ ወጣ። በቤቱ ውስጥ የሦስት ሴቶችና የአንዲት ልጅ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። እናት ሁለት እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያዩዋቸዋል። ሳጥኑን ያሸጉባቸው እጆች ናቸው። መርፌ «ሳያውቁ ነው፣ እማማ» ልትላቸው ትችል ነበር። ናሶቿን ሰብስባ ቦርሳዋን ዘጋች፤ አላለቻቸውም።

«ልጄ» አሉ እናት ወደ ምራታቸው። እንዲያ ብለው ጠርተዋት አያውቁም። «እጄን ያዢልኝ። መነሣት አቃተኝ። ከእንግዲህ ያለሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺና ይቺ ልጅ።»

ሚስት በር ሥር የቆመችበትን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀቀች። መጥታ አማቷ ፊት ቆመች፤ የተዘረጋላትንም እጅ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የተቆለፈውን ሻንጣ አነሣች።

«የገደለች እጅ ልጅ አታሳድግም» አለች በቀስታ። «እርስዎ ነዎት ያሉት፣ እማዬ።»

ልጇን አቅፋ ወጣች። አሮጊቷ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።