ሱሪው በሰፋ ቁጥር

ሾፌሩ ሱሪውን በአንድ እጁ ጨብጦ በሩ ላይ ብቅ ሲል፣ የልብስ ሰፊዋ እግር ከማሽኑ መርገጫ ላይ ደርቆ ቀረ።

«አጥብቢልኝ እስቲ» አለ እየሳቀ። «ተሳፋሪ ፊት ሊያዋርደኝ ነው።»

«ባለፈው ወር ደግሜ አጥብቤልህ የለ?»

«እሱ ባለፈው ወር ነዋ።»

በሱ ቤት የምሥራች ማብሰሩ ነበር። እሷ ግን ጀርባዋ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የደፉባት ያህል ተሰማት።

ከአምስት ዓመት በፊት ሟች ባሏም እንዲሁ እየሳቀ ነበር ሱሪ ያመጣላት። አራት ጊዜ በገዛ እጇ አጠበበችለት። «ሸንቀጥ አልክ፣ አማረብህ» እያለች ከመስታወት ፊት ታሽከረክረው ነበር። ጎረቤቱም «የጎረምሳ ወገብ አወጣ» ብሎ አደነቀ። ለአምስተኛ ጊዜ ለማጥበብ ስትነሳ ግን ሱሪውን የሚለብሰው ሰው አልነበረም። በሽታው ውስጥ ውስጡን ሲበላው፣ እሷ ላዩን ታደንቅ ኖራለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሷም ከዚያ ወዲህ «ከሳህ» የሚል ቃል በሰማች ቁጥር መቀሷ ከእጇ ይወድቃል።

ሾፌሩን የሥራ ጓደኞቹ «ከበሮ» ይሉታል። ቦርጩ ከመሪው ጋር ሲታገል ነው የሚነዳው። ከሁለት ዓመት በፊት የደንብ ልብስ ሊያሰፋ መጥቶ ወገቡን ልትለካ ስትል ሁለት እጆቿ ከጀርባው አልገናኝ አሏት። «ወንድሜ፣ አንተን ለመለካት አንድ ሰው መቅጠር ሊኖርብኝ ነው» አለችው። እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ አውቶቡሱ ፊት ለፊት ካለው መነሻ ላይ በቆመ ቁጥር ከሱቋ አይጠፋም። መንደሩ ሁሉ እንደሚዋደዱ ያውቃል፤ ያልተነጋገሩት እነሱ ብቻ ናቸው። አንዴ ብቻ «እስከመቼ ወንድምሽ ልሁን?» አላት። እሷም መልስ በመስጠት ፈንታ ማሽኑን አስጮኸችው።

አሁን ታዲያ ይሄ ሰው ዓይኗ እያየ ሊያልቅ ነው።

መላ ነው ያለችውን ማድረግ ከጀመረች ሁለት ወር አልፏታል፤ መጀመሪያ ሱሪውን ካጠበበችለት ቀን ጀምሮ ታበላዋለች። ዳቦ በቅቤና በማር፣ ዘይት የተንሳፈፈበት ፓስታ፣ የተጠበሰ ድንች፣ አራት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ።

«ብላ» ትለዋለች፣ አናቱ ላይ ቆማ።

ሾፌሩ ሳህኑን ትራፊክ ፖሊስ እንዳየ ሰው በጎን ያየዋል። ከዚያ ጠርጎ ይበላል። እምቢ ብሎ አያውቅም።

እንዲህ እየበላ ነው እንግዲህ የሚከሳው። ባሏም ይበላ ነበር። እየበላ ነው ያለቀው።

«አልሰፋልህም» አለችው በዚያን ቀን። «መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂድና ወረቀት ይዘህ ና።»

ሐኪም ስትል ፊቱ ተለዋወጠ። እሷም አየችው።

«ልብስ ሰፊ ነሽ ወይስ ሐኪም?»

«ልብስ ሰፊ ከሐኪም በፊት ያያል።»

«ሰው ሁሉ ከበሮ ሲለኝ ኖረ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ እንኳ መቅጠኔን አይተሽ ደስ ቢልሽ ምን ነበረበት?»

«ደስ አይለኝም።»

«እሺ።» ሱሪውን እንደጨበጠ ወጣ።

ሆድና ጀርባ ሆኑ። በማግስቱ አውቶቡሱ መጣ፤ የሚነዳው ግን ሌላ ሰው ነበር። በሦስተኛውም ቀን፣ በአምስተኛውም ሌላ ሰው። የፈሩት ይደርሳል የሚለው ተረት ጆሮዋ ላይ እንደ ትንኝ ይዞርባት ጀመር። ጠይቂ ቢሏት አትጠይቅም፣ ግትር ናት። ዓይኗ ግን ከመነሻው ላይ አልነቀል አለ።

በዘጠነኛው ቀን የሾፌሩ ታላቅ እህት ቀሚሷን ልትወስድ መጣች።

«ወንድምሽስ ደህና ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ እንደ ዋዛ።

«ምኑን አውቄው? ፈቃድ ወጥቷል። ጠዋት ጠዋት ኳስ ሜዳ እያለ ይወጣል፤ ራቱን ትቷል፤ ስጠይቀው ዝም። ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ይዟል መሰለኝ።»

ሆዱ ውስጥ። ሴትየዋ የልቡን ማለቷ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ቃሉን እንዳለ ወሰደችው።

በማግስቱ ፀሐይ ብቅ ስትል ኳስ ሜዳው ደረሰች። ሾፌሩ ጥግ ላይ፣ ሣሩ ላይ በጀርባው ተዘርሯል። ዓይኑ ተከድኗል፤ አፉ ክፍት ነው።

እንዴት እንደሮጠች አታውቅም። አንድ ጫማዋ መሐል ሜዳ ቀርቷል። በሁለት እጇ ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው። «ተነስ! አንተ ሰውዬ፣ ተነስ!»

ዓይኑን ገለጠ። «የሆድ ስፖርት ነው» አለ እያለከለከ። «ሃያ ሰባት ላይ ደርሼ አረፍ ብዬ ነበር። አሁን ቁጥሩን አስረሳሽኝ።»

አጠገቡ ዘፍ አለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እሷን ግን ያናገራት ድንጋጤ ነው። ስለ ባሏ፣ ስለ አራቱ ማጥበብ፣ አማረብህ ስላለችው ነገር ሁሉ፣ ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን አወራችው። ሾፌሩ ሣር እየነጨ አዳመጠ። ስትጨርስ የነጨውን ሣር ከመዳፉ አራገፈ።

«ወረቀት አምጣ ስትዪኝ» አለ በመጨረሻ፣ «ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር።»

«ምን ይላል?»

«ከአራት ወር በፊት ነው። ሐኪሙ እንደ አንቺ በሜትር ወገቤን ለካና መቶ አሥራ ስምንት አለ። የሆድ ስብ ክፉ ነው፣ ስኳር በርህ ላይ ቆሟል አለኝ። አባቴ በስኳር እግሩን ተቆርጦ ነው የሞተው። ለስላሳ ተው፣ ዳቦና ቅባት ቀንስ፣ አትክልት ብላ፣ በየቀኑ ተራመድ አለኝ። ይኸው እራመዳለሁ። በእያንዳንዱ እርምጃ የአባቴ እግር ትዝ ይለኛል።»

«ለምን ደበቅከኝ?»

«ባል የቀበረች ሴት፣ በሽታ በሩ ላይ የቆመ ሰው ምን ያደርግላታል ብዬ ፈራኋ።»

ልብስ ሰፊዋ ድንገት አንድ ነገር ገባትና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ያበላሁህስ? ያ ሁሉ ማር?»

«እሱን ለማውረድ ሜዳውን አሥር ዙር እጨምር ነበር።»

«አልበላም አይባልም?»

«ካንቺ እጅ?»

እያለቀሰች ሳቀች። «እኔ ላደልብህ፣ አንተ ልትቀልጥ! ስንገዳደል ነው የከረምነው።»

ሾፌሩ ተነስቶ ሄደና ጫማዋን አምጥቶ ከእግሯ ስር አስቀመጠላት። «ሰኞ የደም ውጤቴን እቀበላለሁ» አለ ሳያያት። «አብረሽኝ ትመጫለሽ?»

«የባሌን አስከሬን ካወጣሁ ወዲህ ሆስፒታል አልረግጥም ብዬ ምያለሁ።»

«እሺ።»

እሱ እሺ ሲል ነው የሚያስፈራው። አይለምንም፣ አይቆጣም። ዝምታው እስከ ሰኞ ድረስ ቤቷ ውስጥ ከእሷ ጋር ከረመ። እንደገና አንዱን መውደድ፣ እንደገና ማታ ማታ ትንፋሹን ማዳመጥ፣ እንደገና ምናልባት መቅበር። አይሆንም አለች። አንዴ ይበቃኛል አለች። ሰኞ ጠዋት የቀኙን እጅጌ በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገጥማ ሰፍታ ስታገኘው ልብሱን ወርውራ ሱቋን ዘጋች።

ሾፌሩ ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል። የመድኃኒቱ ሽታ ያው ነው፣ አልተለወጠም። አጠገቡ ስትቀመጥ ቀና ብሎ አያትና ትንሽ ጠጋ አለላት። ሁለቱም የሚያዩት አንድ በር ነበር።

በሩ ተከፈተ። አንዲት ነርስ ተራው መድረሱን ነገረችው፤ ልብስ ሰፊዋም አብራው ስትነሳ ነርሷ እጇን ዘርግታ አገደቻት።

«ቤተሰብ ካልሆንሽ አትገቢም። ምኑ ነሽ?»

እህቱ ነኝ ማለት ቀላል ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሜ ስትለው ኖራለች። አፏን ከፈተች። ውስጥ ምን እንደተጻፈ አታውቅም። ደግ ይሁን ክፉ፣ ማንም አልነገራትም።

«ባለቤቱ ነኝ» አለች።

ሾፌሩ ፍሬን እንደረገጠ ሰው ቀጥ አለ። ነርሷ መንገድ ለቀቀች።

ሐኪሙ ወረቀቱን አገላበጠ። ወገቡ መቶ ስምንት ገብቷል። ስኳሩም ወርዷል፤ ፈጽሞ ግን አልራቀም። «በያዝከው ከቀጠልክ ታመልጣለህ፤ ከተውከው ይመለሳል። የሆድ ስብ ቀስ ብሎ መጥቶ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ከሦስት ወር በኋላ ኑ።» ለሚፈራ ሰው ይሄ መልስ አይደለም። ግን «ኑ» ነበር ያለው፣ ለሁለት።

ግቢው ውስጥ ሲደርሱ ሾፌሩ ፊቷ ቆመ። «ያልሽው ነገር፣ ለነርሷ ነው ወይስ ለኔ?»

«ለዚህ ፈሪ ልቤ ነው። ቁርጡን ይወቅ ብዬ።»

«አወቀ?»

«ይንቀጠቀጣል እንጂ አውቋል።»

አውቶቡስ መጣ፤ አልተሳፈሩም። ዳገቱን ክንድ ለክንድ ተያይዘው በእግራቸው ጀመሩት። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ እሷ አንገቷን ወደ ደረቱ ዘንበል አደረገች።

«ምን ታዳምጫለሽ?» አለ።

«ምንም» አለች ትንፋሹን እየቆጠረች። «ዝም ብለህ ተራመድ፣ ሆዴ።»