ለዋናው ችሎት የቆየ ቃል

እኛ ከፋ ውስጥ ማንኪራ ያለን ንብ አናቢዎች አንድ ልማድ አለን። ቀፎ የሰቀልንበትን ዛፍ ለማንም አንናገርም፤ ለወንድም እንኳ። ሌባ እንዳይሰማ ነው። ይህ ልማድ በንጹሕ ሰው ላይ ሊያስፈርድ ምንም አልቀረውም ነበር። ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ አልሸፋፍነውም።

የጎረቤታችን የየሺሃረግ ልጅ ነቢዩ፣ ሐሙስ ዕለት በሺሺንዳ መንገድ የቡና ነጋዴ በገጀራ አስፈራርተህ ዘርፈሃል ተብሎ ታሰረ። ሐሙስ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከባለቤቴ ከወልደሥላሴ ጋር ጫካ ገብቶ ቀፎ ሲሰቅል ነው የዋለው፤ ባለቤቴ ለሸክም የሚያምነው እሱን ብቻ ነው።

ዋናው ክስ ከመታየቱ በፊት ቦንጋ ላይ ምስክር አስቀድሞ የሚሰማበት ቀዳሚ ምርመራ ተቀጠረ። የሺሃረግ ቤታችን መጣች።

«ጋሽ ወልደሥላሴ፣ ልጄ ከእርስዎ ጋር ነበርኩ ቢልም አላመኑትም፤ እባክዎ የሚያውቁትን ይናገሩልኝ።»

«ዳኛው የት ነበራችሁ ይለኛል። ዛፉን ከጠራሁ ችሎት ሙሉ ሰው ይሰማል። ዋናው ችሎት ሲደርስ እናገራለሁ፤ ይሄኛው ለወግ ነው» አላት።

እኔም ደገፍኩት። «እውነቱን ነው። ደሞ ሄዶ ቀጠሮው ተራዝሟል ብለው ቢመልሱትስ?»

«እስከ ዋናው ድረስ እኮ ልጄ እዚያው ነው!» አለች። «በሉ፣ እናንተ ቀፏችሁን ጠብቁ!» ብላን ወጣች።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስለ ታሰሩት ሲጸለይ አሜን ማለት አቃተኝ። ያ ልጅ የታሰረው በእኛም ዝምታ አይደል? ቤት ስገባ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በቀጠሮው ቀን ቦንጋ እንሄዳለን» አልኩት።

«ማሩስ?»

«ሌባ ይብላው!»

ችሎቱን የያዙት ዳኛ የድሮውን አሠራር ለመለወጥ የሚደክሙ ሴት ናቸው። «እዚህ የተቀመጥነው መዝገብ ለመሙላት አይደለም» አሉ። «ንጹሕ ሰው ካለ ከአሁኑ እንዲለይ ነው። አማርኛ የሚከብዳችሁ በካፊኖኖ ተናገሩ፣ አስተርጓሚ አለ። ምስክር እንዳይቀር ብለንም በገበያ ቀን አልቀጠርንም። በሰው ፊት የማይነገር ካለ በዝግ እንሰማለን።»

ወልደሥላሴ ነቢዩን ዞር ብሎ አየው። ልጁ ከስቷል።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ በዝግ አያስፈልግም» አለና ዛፉን፣ ወንዙን፣ ሰዓቱን ሳያስቀር ተናገረ። «ማር በዓመቱ ይመለሳል። የዚህ ልጅ ዕድሜ አይመለስም።»

ከኋላ አንዱ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ቦታውን ይድገሙልን!» ሲል ችሎቱ በሳቅ ሞላ። ዳኛዋ «ጸጥታ!» አሉ፤ እሳቸውም ግን ፈገግ ብለዋል።

ዐቃቤ ሕጉ ቦታውን አጣሩ፤ ነጋዴውንም ደግመው ጠየቁት። «መስሎኝ ነው እንጂ ፊቱን በደንብ አላየሁም» አለ። በሳምንቱ ክሱ ቀረና ነቢዩ ተፈታ።

እኔ የየሺሃረግ እግር ላይ ወደቅሁ። «ዘገያችሁ፤ ግን መጣችሁ» ብላ አነሳችኝ።

ወገኖቼ፣ የመጀመሪያው ችሎት ለወግ አይደለም። ዳኞች አሠራራቸውን እያስተካከሉ ነው፤ የእኛን ቃል ግን ማንም አይናገርልንም። ስለ ታሰረ ሰው የምታውቁት እውነት ካለ፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ ሄዳችሁ ተናገሩ። እግዚአብሔርም የሚጠይቀን ያወቅነውን ነው።