ለሙት የተጻፈ ትሪዮ

ጋሽ ወልደ ሥላሴ ሐሙስ ረፋድ ላይ ዴንተን በሚገኘው ቤታቸው፣ ፒያኖአቸው ላይ ተደፍተው ሲገኙ መላው ቴክሳስ ጸጥ አለ። ሐኪሙ «ልብ ነው» ብሎ ጻፈ። ልጃቸው ብርሃኔ ግን ባርናባስን አስጠራች።

ባርናባስ ዛሬ ከዳላሱ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ግሬፕቫይን ሆቴሎች መንገደኛ ያመላልሳል እንጂ፣ አዲስ አበባ ሳለ የወንጀል መርማሪ ነበር። ሌባ ገና ለመስረቅ ሲያስብ ባርናባስ የእጅ ሰንሰለቱን ዘይት ይቀባ ነበር ይባላል።

«የአባዬ እህት፣ አክስቴ ወለተጊዮርጊስ፣ ጎንደር ሞታለች» አለችው ብርሃኔ። «አባዬ ልቡ ደካማ ስለሆነ ደብቀነው ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሊያረዱት፣ ከዚያም ወዳጆቹ አብረውት ሙዚቃ ሊጫወቱ ነበር። አንድ ሰው ቀድሞ ነግሮታል! ታዲዮስ ነው፤ ረቡዕ እዚህ ነበር። ነገ ቀብሩ ላይ ዓይኑን እንዳላይ!»

ታዲዮስ ከሟቹ ጋር ሞስኮ ሙዚቃ ተምሮ አርባ ዓመት አብሯቸው ቼሎ የተጫወተ ሽማግሌ ነው። በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር።

«ልገድለው ብፈልግማ ኖሮ» አለ፣ «የዜማውን ፍጥነት ባበላሸ ቁጥር አንድ ሺህ ጊዜ በገደልኩት!» ወደ ባርናባስ ዞረ። «ጋሽ ባርናባስ፣ ቀብሩን ግን እንዳትከለክለኝ ንገራት።»

ከሁለቱ ጋር ቫዮሊን የምትጫወት ዊንታ የምትባል ነርስ «እኔ ትንፍሽ አላልኩም» አለች። ዓይኗ ግን ከፒያኖው አልተነቀለም።

«ለመርዶው ምን ልትጫወቱ ነበር?» አላት ባርናባስ።

«ቻይኮቭስኪ ለሞተ ወዳጁ የጻፈውን የፒያኖ፣ የቫዮሊንና የቼሎ ትሪዮ።»

ባርናባስ ወደ ፒያኖው ተጠጋ። ቁንጫ በእንቅልፍ ልቧ ብታዛጋ የሚያይ ዓይኑን እዚያ በተቀመጠው የትሪዮው ኖታ ላይ ተከለ፤ ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ታዲዮስ፣ ይህን ትሪዮ ሞስኮ መቼ ነበር የምትጫወቱት?»

«ሰው ሲሞትብን። ቻይኮቭስኪ ለወዳጁ ጻፈ፤ ቻይኮቭስኪ ራሱ ሲሞት ደግሞ ራህማኒኖቭ ለእሱ ትሪዮ ጻፈ። ወልደ ሥላሴ ይህን ያለ ሙት አይነካውም ነበር።»

«ስለዚህ የነገራቸው ሰው የለም» አለ ባርናባስ። «ኖታው ነው ያረዳቸው። እህታቸው እንደታመሙ ያውቁ ነበር፤ ከልጃቸው በቀር ሌላ ዘመድ አልቀራቸውም። ታዲያ ማን አኖረው? ይህን የስቴፕለር ሽቦ እዩት። ሙዚቀኛ ኖታ በሽቦ አይመታም፤ ገጹ እየተመለሰ እጁ ላይ ይወድቅበታል። ጎን ለጎን በፕላስተር ነው የሚያያይዘው። ያኖረው የቢሮ ሰው ነው።»

ብርሃኔ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ዊንታ በኢሜይል ላከችልኝ። ሥራ ቦታ ፕሪንት አደረግሁት። ሐሙስ ጠዋት ስወጣ ፒያኖው ላይ ጣል አደረግሁት። ማለቴ፣ የአክስቴ ስም የለበትም! ኖታ ኖታ ነው ብዬ...»

«ኖታው እንዳረዳቸው ገብቶኝ ነበር» አለች ዊንታ እያለቀሰች። «በምን አንደበቴ ልንገርሽ?»

«አልጨረስኩም፣ ልጄ» አለ ባርናባስ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። ከላይ በእርሳስ «ለወለቴ» የሚል ተጽፏል። ከሥሩ፣ በየኖታው ላይ፣ በየትኛው ጣት እንደሚመታ የሚያሳይ የጣት ቁጥር ተደርድሯል። «ወረቀቱ የሐሙስ ነው፤ እርሳሱም የሐሙስ። ደንግጦ የወደቀ ሰው አሥራ አንድ ገጽ ጣቱን አይቆጥርም። አባትሽ ቁጭ ብለው እህታቸውን አልቅሰዋል። እኛ የነፈግናቸውን ለቅሶ አንቺ ሳታውቂ ሰጠሻቸው።»

ብርሃኔ ተነስታ ታዲዮስ ጉልበት ላይ ወደቀች።

«ተነሺ፣ ተነሺ» አለ ሽማግሌው። «አንቺም አባት ነው የሞተብሽ።»

«ነገ ከፊት ቁም፣ ጋሼ። ከእኔ ጋር።»

ሽቦውን በጥፍሯ ነቀለች። ወረቀቶቹን ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋች።

«እንዴት ነው የሚያያዘው? አሳየኝ።»

ታዲዮስ ፕላስተሩን ይዞ አጠገቧ ተንበረከከ። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ የሁለቱም እጅ ቆመ። እርሳስ አልነካውም።