ብራና የለበሰ ክንፍ

የሰሜኑ ጦርነት ፋታ ባገኘበት በኅዳር ፲፱፻፺፩ ዓመተ ምሕረት ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ነፋስ የደብረ ማርቆስን ባሕር ዛፍ ሲያስጎነብስ ይውል ነበር፤ ከከተማዋ ዳር ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳም የቀድሞው አየር ኃይል አብራሪ ሻምበል ታረቀኝ በአንድ ሞተር አልባ አውሮፕላን ክንፍ ሥር ደክሟቸው ተቀምጠው ነበር።

የቀድሞ አብራሪዎች ለዘመቻ ሲጠሩ እርሳቸው «ዕድሜዎ አልፏል» ተብለው ተመልሰዋል፤ ነገሩም አንገብግቧቸዋል። አንድ የውጭ አገር ሰው ጥሎት የሄደውን ይህን አውሮፕላን ከጮቄ በላይ፣ አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ፣ በታላቅ ፍጥነት አብርረው ገና እንዳላረጁ ሊያሳዩ ቆረጡ፤ ሁለት መኮንኖችም መጥተው እንዲያዩላቸው ለመኑ። ረጅሙ ክንፍ በዚያ ፍጥነት ተርገብግቦ እንዳይሰበር ጫፍ ጫፉን ቆርጠው አሳጠሩት፤ ማጠንከሪያ የሚሆን ስስ ጣውላ ግን ከገበያ ጠፋ።

መላውን ያመጡት ጎረቤታቸው፣ ብራና ፋቂው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው።

«የፍየል ብራና እናልብሰው፤ ወጥሬ ካደረቅሁት እንደ ከበሮ ይጠነክራል» አሉ።

«ይችለዋል ይላሉ፣ መሪጌታ?»

«ስንት መቶ ዓመት የኖረ መጽሐፍ አይተው የለም እንዴ፣ ሻምበል!»

ክንፉ ብራና ለበሰ፤ ሁለቱም እንደ ልጅ ደስ አላቸው። መጽሐፍ የሚኖረው በማኅደር፣ በደረቅ ዕቃ ቤት እንደሆነ፣ ደመና ደግሞ ውኃ እንደሆነ ግን አንዳቸውም አላሰቡም።

ሻምበል በጭነት መኪና ተጎትተው ተነሡ፤ ነፋሱም ከጮቄ ጫፍ በላይ አወጣቸው። የኦክስጅን ጭምብላቸውን አጥልቀው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዘቅዘቅ ሲያደርጉት ቁልቁል ተወረወረ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ድካማቸው ለቀቃቸው። ወዲያው ደመና ዋጣቸው። ብራናው ረጥቦ ላላ፤ ክንፉም ይንቀጠቀጥ ጀመር። በዚያ ፍጥነት ቢቀጥሉ እንደሚገነጠል ዐውቀው ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ቀነሱ፤ ማረፊያው ሜዳ ስለ ራቀባቸውም አምበር ከምትባለው ከተማ አጠገብ ባልታጨደ ገብስ ላይ ወረዱ። መኮንኖቹ ሲጠብቁ ቆይተው ሳያዩአቸው ሄዱ።

የገብሱ ባለቤት አንሙት ማጭዱን እንደያዘ እየሮጠ መጣ።

«እንኳን እግዜር አተረፈዎ፣ አባቴ፤ ገብሴስ ምን በወጣው?»

ሻምበል የተኛውን ገብስ አዩት።

«እውነትህን ነው፤ ሌላ ማጭድ አለህ?» አሉት።

እስኪመሽ አብረውት ሲያጭዱ ዋሉ።

የዚያን ጦርነት አብራሪዎች ታሪክ መዝግቧቸዋል፤ ሻምበል ታረቀኝን የሚያነሣቸው ግን አንሙት ብቻ ነው። እርሱም ስለ በረራቸው አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም፤ «አጨዳ የማይሆንላቸው፣ ደግ ሽማግሌ ነበሩ» ይላል።