የዕቃው ጀልባ

ሹክሪ የመንሳፈፊያ ጃኬቷን ከሂጃቧ በላይ ለብሳ፣ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ባዶ አየር ትቀዝፋለች። ዓይኖቿን ጨፍናለች። አጠገቧ የተንበረከከችው ሀፊዛ ደግሞ ክብሪቱን ውኃ እንዳይነካው በፌስታል ላይ ፌስታል እየደረበች ትቋጥራለች።

«አሁን የት ደረስን?» አለች ሹክሪ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ገና ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ነን። እንደዚህ ከቀዘፍሽ ነገም እዚሁ ነን።»

ሹክሪ ሳቀች፤ መቅዘፏን ግን አላቆመችም።

ሁለቱ አባል የሆኑበት የልጃገረዶች ማኅበር የሚሰበሰብበት ቤት በጦርነቱ ጣሪያው የሄደ ነበር። ግድግዳው ተለስኖ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። በሩንና መስኮቶቹን የሀፊዛ አባት ኢዘዲን በይዶ ገጥሞላቸዋል። ጣሪያው ግን ገና ነው። ስለዚህ ዕቃ የተከመረበት ክፍል ውስጥ ሆነው ቀና ሲሉ ሰማይ ያያሉ፤ ደመና ሲያልፍም ጥላው ወለሉ ላይ፣ በድስቱና በጀሪካኑ መካከል፣ ቀስ ብሎ ይዋኛል። ለነገው የባሕር ጉዞ የተዘጋጀው የየታንኳው ቀዛፊዎች ሻንጣ በየጥጉ ለብቻው ተቀምጧል። ከባድ ከባዱ ዕቃ በበሩ በኩል ነው፤ እሱ በሞተር ጀልባ ይከተላቸዋል።

ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ የጭነት መኪና ወደ በርበራ ይወስዳቸዋል። ከዚያ መኪና በማይደርስበት ዳርቻ ሁለት ሁለት እየሆኑ በታንኳ ይቀዝፋሉ፣ አሸዋ ላይ ያድራሉ። አብዛኞቹ ልጆች ባሕር አይተው አያውቁም። ቀዘፋ የተማሩት ከተማውን አቋርጦ በሚያልፈው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ነው። መሪያቸው ዓኒሳ የበርበራ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ አንዲት አሮጌ ታንኳ አሸዋው ላይ አስቀምጣ ስታለማምዳቸው መንገደኛ እየቆመ ይስቅ ነበር። አንድ ሰውዬማ ጎርፉ መቼ እንደሚመጣ ሰምታችኋል ወይ ብሎ ጠይቋቸዋል። ሀፊዛ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በእንቅልፏ ትቀዝፋለች። ውኃው አንዳንዴ አረንጓዴ ነው፣ አንዳንዴ እንደ ወተት ነጭ። ከፊቷ የምታየው ግን ሁልጊዜ የሹክሪን ጀርባ ነው።

ሀፊዛ የመጣችው ከድሬዳዋ ነው። አባቷ ሀርጌሳ እንደ አዲስ እየተሠራች መሆኗን፣ በር የሚሠራ ሰውም እንደምትፈልግ ሲሰማ ቤተሰቡን ይዞ መጣ። ሹክሪ የሀርጌሳ ልጅ ብትሆንም በስደት ያደገችው ጅግጅጋ ስለሆነ አማርኛውን እዚያ ትምህርት ቤት ለምዳዋለች። ሀርጌሳ በሚማሩበት ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚያወሩት ሁለቱ ብቻ ስለነበሩ ለመግባባት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ሹክሪ መቅዘፊያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ሀፊዛ፣ እንዳትደነግጪ። ከትናንት ወዲያ ጣለኝ።»

ሀፊዛ ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቀችም። ባለፈው ዓመት ክፍል ሲጠርጉ ሹክሪ መጥረጊያውን እንደያዘች ወድቃ ስትንቀጠቀጥ፣ አጠገቧ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ሹክሪ ስትነቃ ገና ምላሷ ሳይፈታ ለማንም እንዳትነግሪ ብላ ለመነቻት። የሚጥል በሽታ እንደሆነ ሐኪም ነግሯታል፣ ኪኒንም ትወስዳለች። ሰው ከሰማ ግን ጂን አለባት ይላል፤ የምታሳድጋት አክስቷም ሐሜቱን ፈርታ ከትምህርት ቤት ታስቀራታለች። ሀፊዛ በአላህ ስም ቃል ገባችላት፤ ቃሏንም ጠበቀች።

ዓኒሳ ለጉዞው ስትመዘግባቸው፣ ባሕር ላይ ለአደጋ የሚዳርግ ሕመም ያለባት ልጅ ካለች ለብቻዋ መጥታ እንድትነግራት ጠይቃ ነበር። ያን ቀን ሹክሪ ጥፍሮቿን ስታይ ቆይታ ምንም ሳትል ወጣች።

«ኪኒኑን አቋርጠሽ ነው?» አለች ሀፊዛ።

«አላቋረጥኩም። አንዳንዴ እንዲሁ ይመጣል። አቦ ተይው፤ ጃኬት አለኝ። ደግሞ አንቺ ከኋላዬ አለሽ።»

ሀፊዛ የጀመረችውን ቋጠሮ ሳትጨርስ ተነሳች። እናቷ ለጉዞው የሰጠችውን ድስት ላምጣ ብላ ወደ ቤት ሄደች።

ቤታቸው እስካለበት ኮድቡር ሰፈር ድረስ በእግሯ ነው የሄደችው። ፀሐዩ ከብዶ የአስፋልቱ ጫፍ እንደ ውኃ ይብለጨለጫል፤ ሰዎቹም ከሩቅ እግር የሌላቸው ይመስሉ ነበር። ሹክሪ ከፊቷ ስትቀዝፍ ታየቻት። ከዚያ ጀርባዋ ሲገተር፣ ታንኳዋ ወደ ጎን ስትጋደል፣ ፀጥ ያለ ውኃ ላይ መቅዘፊያ ብቻውን ሲንሳፈፍ። ከኋላ ሆኜ ምን ላደርግ ነው? ብላ አሰበች። እሷ ራሷ እንኳ መቅዘፍ የተማረችው አሸዋ ላይ ነው።

ቤት ስትደርስ አባቷ ምሳ ቀርቦለት ነበር። ፊቷን አይቶ ባሕሩን ፈርተሽ ነው ወይ አላት። ባሕሩን አይደለም አለችው። ኢዘዲን ልትነግረው እንዳልቻለች ሲያይ አላስጨነቃትም። የፈሩትን ነገር የብስ ላይ እያሉ መናገር ይሻላል ብሎ ብቻ ወደ ምግቡ ተመለሰ።

ስትመለስ ሹክሪ የተተወውን ክብሪት ቋጥራ ጨርሳለች። ሀፊዛ ድስቱን አስቀምጣ ከፊቷ ቁጭ አለች።

«ለዓኒሳ ንገሪያት» አለቻት።

የሹክሪ ፊት ተለወጠ። «ቃል ገብተሽልኛል።»

«ትምህርት ቤት ነው ቃል የገባሁልሽ። እዚያ ብትወድቂ መሬት ነው፤ ይዤሽ እቀመጣለሁ። ባሕር ላይ ልይዝሽ አልችልም፣ ሹክሪ። ወላሂ አልችልም።»

«ብነግራት ታስቀረኛለች።»

«ካስቀረችሽ አብሬሽ እቀራለሁ።»

«እንድትቀሪልኝ አልፈልግም!» ሹክሪ የጃኬቷን ማሰሪያ ፈትታ አውልቃ ጣለችው። «ካልነገርኳትስ? አንቺ ልትነግሪያት ነው?»

ሀፊዛ የወደቀውን ጃኬት አነሳች። «አዎ» አለች።

 ሹክሪ ተነስታ ወጣች። ሀፊዛ ወደ ቤቷ የሄደች መስሏት ነበር፤ በመስኮቱ ስታይ ግን ሹክሪ፣ ዓኒሳ ከአባቷ ከሽማግሌው ኢጋል ጋር ገመድ ወደምትፈትሽበት ወደ ግቢው ዳር አመራች። ዓኒሳ የምትላትን ከሰማች በኋላ ገመዱን ለአባቷ ሰጥታ ሹክሪን ለብቻዋ ወሰደቻት፤ አንድ ግንድ ላይም ጎን ለጎን ተቀመጡ። የሚሉት አይሰማም። አንድ ጊዜ ሹክሪ ፊቷን በሂጃቧ ጫፍ ጠረገች።

ኋላ ዓኒሳ መጥታ የወሰነችውን ለሁሉም ተናገረች። ሹክሪ በታንኳ አትቀዝፍም፤ ኢጋል በሚነዷት የሞተር ጀልባ ከዕቃው ጋር ሆና ታንኳዎቹን እየተከታተለች ትሄዳለች። ምክንያቱን አልገለጸችም። ለሀፊዛ ሌላ ጓደኛ ሰጠቻት፤ ማርዎን፣ ከሁሉም ጎበዝ ቀዛፊዋን። ማርዎ ደስ ብሏት ከኋላ ልቀመጥ ወይስ ከፊት ብላ ጠየቀቻት። 

ልጆቹ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲወጡ ሀፊዛ ክፍሉ ውስጥ ቀረች። የሹክሪ ሻንጣ ከታንኳቸው ጥግ ተነስቶ በበሩ በኩል፣ በድስቶቹና በጀሪካኖቹ መካከል ተቀምጧል። በሕልሟ የምታየው አረንጓዴ ውኃ ትዝ አላት፤ መዳፏ ውስጥ መቅዘፊያ የያዘች መሰላት። ከዚያ ከታንኳዋ ጥግ የራሷን ሻንጣ አንስታ ወሰደችና ከሹክሪ ሻንጣ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዕቃው ጋር መሄድ እንደምትፈልግና ለማርዎ ሌላ ጓደኛ እንዲፈለግላት ለዓኒሳ ልትነግራት ዞር ስትል ሹክሪ በሩ ላይ ቆማለች።

 ሹክሪ ገና እንደተቆጣች ናት። ሁለቱን ሻንጣዎች ትንሽ አየቻቸው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጀሪካኑን ወደ ግድግዳው ገፋች። በመካከል ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተከፈተ።