ያልወረደው ነጭ ውሃ

አሶሳ ዳር ያለው የእብነበረድ ፋብሪካ ከተዘጋ ዓመት አልፎታል፤ ገበየሁ ግን መቀመጥ አልቻለም። በየማለዳው የሥራ ቱታውን ለብሶ ይወጣል፤ የፋብሪካውን በር አይቶ ይመለሳል፤ ቁጭ ይላል፤ ይነሳል፤ ደግሞ ይወጣል። ሚስቱ አገኘሁሽ ይህን ሁሉ ደጅ ቆማ ታያለች። ወላጆቹ በሰፈራ ከወሎ ሲመጡ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ድንጋይ ሲቆርጥ የኖረ ሰው፣ ምን ብሎ ይቀመጥ? ሐኪሙም ሳንባውን አይቶ «ከእንግዲህ አቧራ ከነካህ አለቀልህ» ብሎታል።

ያንገበገበው ግን ሕመሙ አልነበረም፤ አንድ ልጁ ሰራዊት ነበር። ሰራዊት ሥራ ካጡት ጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ባዶውን የፋብሪካ አዳራሽ ተከራየ፤ ማንጎ ልጠው፣ ቆራርጠውና አድርቀው ሊሸጡ። ቦታ ለማግኘትም አባቱ ዕድሜውን የፈጀበትን ትልቁን መጋዝ በገዛ እጁ ፈታታው። የዚያን ዕለት ገበየሁ ልጁን ደጅ ላይ አቁሞ፣ «ያሳደገህን እጅ ነው የቆረጥከው! ከዛሬ ወዲያ ይህን ደጅ እንዳትረግጥ!» አለው። ሰራዊትም አልረገጠም። አገኘሁሽ ስድስት ወር ሙሉ በሁለቱ መካከል ስትባክን ከረመች፤ እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልወስድ አላት። ባሏ ከልጁ ሳይታረቅ ቢሞትስ? ምን ይውጣታል?

አንድ ቀን ልጇን ልትጠይቅ ሄዳ ተክዞ አገኘችው። የእንጨት ጠረጴዛቸው የማንጎውን ጭማቂ እየመጠጠ ሸቷል፤ ገዢው «ጠረጴዛ ካልቀየራችሁ አልረከብም» ብሏል። ተመልሳ ለባሏ ነገረችው።

«ይሽተተው!» አለና ፊቱን አዞረ።

ከማግስቱ ጀምሮ ግን ገበየሁ፣ ቦዩ ወደ ፋብሪካው በሚወርድበት ጓሮ ባለችው ዕቃ ቤት በሩን ዘግቶ መዋል ጀመረ። ከውስጥ በእጅ የሚያዘው የድንጋይ መቁረጫ ማሽን ጩኸት ይሰማል፤ ከዚያ ሳሉ ይከተላል።

«ምን እየሠራህ ነው፣ ገብዬ?»

«የመቃብሬን ድንጋይ።»

ደረቷን ደቃች፤ ለመነችው፤ አለቀሰች። ወይ ፍንክች!

በሦስተኛው ሳምንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጩኸቱ ድንገት ቆመ። አገኘሁሽ እየጮኸች ጎረቤታቸውን ዐወድን ጠራችው፤ ከገበየሁ ጋር አንድ መጋዝ ላይ ለዓመታት የሠራ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው። ዐወድ በሩን ገንጥሎ ሲገባ ገበየሁ በነጭ አቧራ ተሸፍኖ ተዘርሯል። ዐወድ የደረቀውን ወለል አይቶ ጭንቅላቱን ያዘ።

«ውሃ የለም! አገኘሁሽ፣ አንቺ አላየሽም? ድንጋይ ያለ ውሃ አይቆረጥም። ውሃ አቧራ ይይዛል። ወላሂ፣ ራሱን ገደለ!»

ሰራዊት ተጠርቶ እየሮጠ መጣ። ስድስት ወር ያልረገጠውን ደጅ አልፎ አባቱ አጠገብ ተንበረከከ። ግድግዳው ላይ የተደገፈው ድንጋይ የመቃብር አልነበረም። ረጅም፣ ለስላሳ፣ ዙሪያውን የጭማቂ መውረጃ የተፈለፈለለት የጠረጴዛ ገበታ ነበር!

«አባዬ... ውሃ እያለ ለምን?»

ገበየሁ ትንፋሹን በግድ ሰበሰበ። «በውሃ ብቆርጠው... ነጩ ውሃ በቦዩ ወርዶ በአንተ በር ነው የሚያልፈው። ታውቅብኝ ነበር።» የልጁን እጅ ያዘና ደግሞ፣ «በሰው ልልክልህ ነበር... ከማን እንደሆነ ሳይነግርህ። ኩራት ነው፣ ልጄ። ይቅር በለኝ።»

«አንተ ይቅር በለኝ፣ አባዬ!» ብሎ እጁን ሳመው። የአባቱ እጅ ከንፈሩ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ...

አርባው ከወጣ በኋላ ገበታው ወደ አዳራሹ ተወሰደ። «እኔ ነኝ የማጥበው» አለች አገኘሁሽ። ደጅ ላይ አጋድመውላት አንድ ባልዲ ውሃ ስታፈስበት፣ የባሏ አቧራ እንደ ወተት ነጥቶ በሰራዊት በር ፊት በቦዩ ወረደ። ምነው ያኔ በወረደ ኖሮ! ሰው ሁሉ የገበየሁን ዕጣ ይረግማል፤ እሷ ግን ዕጣን ምን ብላ ትክሰስ? በአባትና በልጅ መካከል የጎደለው አንድ ባልዲ ውሃ ነበር።

ውሃው እስኪጠራ ቆማ አየችው። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ አዳራሹ ተጣራች።

«ሰራዊት፣ ማንጎውን አምጣው፤ አባትህ ገበታውን ጨርሷል።»