በቀኟ የምትበላ ልጅ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ተነስቼ ሳህን የማጥብ ሰው ነበርኩ፣ ዛር ቢሉኝ፣ ጥላ ወጊ ቢሉኝ፣ "ሥራ ፈትታችሁ ነው" ነበር መልሴ፣ ከፈጣሪና ከማርያም ሌላ የማላየውን ነገር ፈርቼ አላውቅም። ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም፣ ጽሑፉ ቢንጋደድባችሁ ታገሱኝ፣ ነገሩ ግን እንዳለ ነው፣ እመኑኝ፣ አንድም አልጨመርኩበት።

አሜሪካ ውስጥ ኖርክሮስ የምትባል ከተማ ነው የምንኖረው፣ እኔና ልጄ ሶስና ብቻ፣ ሁለት መኝታ ቤት ያለው አፓርትመንት ውስጥ። ሶስና ሃያ ዓመቷ ነው፣ ግራኝ ናት። መጻፉስ ይሁን፣ እንጀራ በግራዋ ስትቆርስ ግን አንጀቴ ይቃጠላል፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እኔ "በቀኝሽ!" እንዳልኳት፣ እሷም "እጄ ነው እማ፣ ምን አገባሽ" እንዳለችኝ አለን። በዚህም በዚያም ስንነታረክ ኖረን በመጨረሻ ወሩ ሲያልቅ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ልትከራይ መሆኗን ነገረችኝ። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፣ ብትሄድ ምን እንደምሆን እናንተው ፍረዱ።

አጠገባችን ባለችው ዱሉዝ ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ አብራኝ ካርቶን የምታሽግ ላን የምትባል ቬትናማዊት አለች፣ የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርብር ስለሆነ በደንብ እንግባባለን። አንድ ቀን ሳለቅስ አይታኝ፣ "የታመመችው ልጅሽ አይደለችም፣ ቤትሽ ነው" አለችኝ። ፌንግ ሹዊ የሚሉት ነገር አላቸው፣ አልጋው፣ በሩ፣ መስታወቱ በደንቡ ከተቀመጠ ቤት ሰላም ያገኛል ይላሉ። እሁድ መጥታ የሶስናን ክፍል እንዳየች ራሷን ነቀነቀች፣ "እግሯን ወደ በሩ አድርጋ ነው የምትተኛው? እንደዚያ የሚተኛው ሬሳ ነው!" አለች። አልጋውን ጎትተን መስኮቱ ሥር አደረግነው። ቀጥላ ቁምሳጥኑን አየች፣ በሩ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፣ የአፓርትመንቱ ስለሆነ አይነቀልም። "ይሄንን በአንሶላ ሸፍኚው፣ የተኛ ሰው መስታወት ሊያየው አይገባም" ብላኝ ሄደች።

አንሶላ ምን ያደርጋል አልኩ በልቤ። የጸሎት ቦታዬን፣ የማርያምን ሥዕል የምጋርድበት ትልቅ ቀይ መጋረጃ አለኝ፣ ክፉ ነገር ካለ ይሄ ይሻላል ብዬ ከነዘንጉ አውርጄ መስታወቱ ላይ ሰቀልኩት። መጋረጃ የሚሰቀለው ሊከፈትም ጭምር መሆኑን አላሰብኩም፣ እኔው ራሴ ጠዋት ማታ ስከፍተውና ስዘጋው የኖርኩ ሴት።

ሶስና ስታየው ሳቀች። "ኦ ማይ ጋድ፣ እማ! ጠበሉ አልቆ ነው ወደ ቻይና የዞርሽው?"

"ላን ቬትናም ናት።"

"እሺ ቬትናም። ልሄድ ነው እኮ፣ ለማን ነው የምታስተካክዪው?"

ሐሙስ ሁለታችንም ከሥራ ኦፍ ነበርን። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ምሳ አቀረብኩ፣ አሁንም በግራዋ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "ምናለ በቀኟ የምትበላ ልጅ በሰጠኝ!" አልኩ። የቆረሰችውን ሳህኑ ላይ መለሰችው። "እዘዢያ ታዲያ፣ ኦንላይን ካለ" አለችኝና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ዕቃዋን ፓክ ስታደርግ የማሸጊያው ፕላስተር ይሰማኛል፣ ቅርርርር፣ ሥራዬ ነውና አውቀዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ቅርርርር፣ ቀጠን ያለ፣ ከግድግዳው ውስጥ የሚመጣ፣ የእሷ ሲጎተት ያኛው ይከተለዋል። ጎረቤት ነው አልኩ፣ በዚያ በኩል ግን ጎረቤት የለንም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነን፣ ከግድግዳው ወዲያ አየር ነው፣ ታች ፓርኪንጉ። ከዚያ የእሷ ቆመ፣ ቀጭኑ ብቻ ቀጠለ። እሱም ሲያበቃ የመጋረጃው ቀለበቶች ዘንጉ ላይ ሲንሸራተቱ ሰማሁ።

"ሶሲ?" ብዬ ተጣራሁ። በሩን ከፈትኩ፣ ክፍሉ ባዶ ነው። ያቺ ልጅ በእኔ ፊት ሳታልፍ የምትወጣበት የለም፣ መስኮቱም ዝግ ነው። መጋረጃው አንድ ክንድ ያህል ተከፍቷል፣ ጨርቁ እንደሚተነፍስ ሰው ሆድ ወጣ ገባ ይላል። ተጠግቼ አየሁ። ማርያምን፣ መስታወቱ ውስጥ እኔ የለሁም። አልጋው አለ፣ ግን መስኮቱ ሥር አይደለም፣ በድሮ ቦታው ነው፣ ሶስና በጀርባዋ ተኝታበታለች፣ እግሯ ወደ በሩ፣ ዓይኗ ፍጥጥ ብሎ፣ አንድ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ። ዞር አልኩ፣ አልጋው መስኮቱ ሥር ባዶውን ነው።

"እማዬ።"

ልጄ በሩ ላይ ቆማለች፣ ፈገግ ብላ። "ይቅርታ እማዬ፣ የትም አልሄድም። ርቦኛል" አለችኝ፣ አልፋኝ ሄዳ መጋረጃውን ግጥም አድርጋ ዘጋችው፣ ከዚያ ማዕዱ ጋ ተቀመጠችና እንጀራውን ቆረሰች። በቀኟ።

ይሄው ወር ሊሞላን ነው። ካርቶኖቹን ራሷ ፈታች። አትቆጣም፣ አታሾፍብኝም፣ "እሺ እማዬ" ብቻ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ "እማ" እንጂ "እማዬ" ብላኝ የማታውቅ ልጅ። ለላን ስነግራት፣ "በምን ነው የሸፈንሽው?" አለች፣ ነገርኳት። ሥራዋን አቁማ ብዙ አየችኝ፣ "እኔ አንሶላ ነው ያልኩሽ" አለችና ከዚያ ወዲያ ስለ ቤቴ አንስታ አታውቅም።

መጋረጃውን ልገልጥ ስንቴ እጄን እንዳነሳሁ። ብገልጠው ግን የትኛዋ ትቀርልኛለች? ሁለቱም ቢሄዱብኝስ? ይቺኛዋን ደግሞ እጄን ባነሳሁ ቁጥር በሩ ላይ ቆማ አገኛታለሁ፣ "ተይው እማዬ፣ ቤታችን ሰላም ነው" ትለኛለች።

ዛሬም ምሳ አብረን በላን። ከውስጥ መስታወቱ ይንኳኳል፣ ቀስ ብሎ፣ መሃል መሃል ላይ "እማ" የሚል ነገርም ይሰማኛል። እሷ እንዳልሰማች ሆና በቀኝ እጇ ጠቅልላ አጎረሰችኝ፣ እስክውጥ ድረስ ዓይኔን እያየች።

ዋጥኩት።